ሲጋራ ያደረበትን ውሃ የጠጣች የ16 ወር ሕፃን፦ የአንድ የኒኮቲን መመረዝ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተጻፈ

ትምባሆ አፋቸው ውስጥ የከተቱ ሕፃናት ወደ ድንገተኛ ክፍል መምጣታቸው ብርቅ አይደለም። አብዛኞቹ አንድ ሁለት ጊዜ ያስመልሳቸዋል፣ ጥቂት ሰዓት ይታያሉ፣ ከዚያም ምንም ሳይሆኑ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። እንዲህ ያለው ልምድ ሲደጋገም ሐኪሙን ያዘናጋል። እዚህ የምናቀርበው ጉዳይ እኛኑ ያዘናጋንን ነው። ሕፃኗ ድናለች፤ ነገር ግን ከመጣች በኋላ በነበረው የመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ከወሰንናቸው ውሳኔዎች አንዳንዶቹ ትክክል አልነበሩም፤ የተሳሳቱትም ከየት እንደ መነጩ መመርመር ይቻላል። የቤተሰቡን፣ የባለሙያዎቹንና የሆስፒታሉን ማንነት የሚያሳውቅ ነገር ሁሉ ሆን ተብሎ ተትቷል። ጸሐፊው በዕለቱ ተረኛ የነበረው ሐኪም ነው።

ቤት ውስጥ የሆነው

ሕፃኗ የ16 ወር ልጅ ናት፤ ክብደቷ 10 ኪሎግራም ነው፤ ከዚያ በፊት የሚታወቅ ሕመም አልነበረባትም። በዋዜማው ማታ ቤት ውስጥ እንግዶች ነበሩ። መተርኮሻው ሲሞላ አጫሾቹ ከእሳት እንጠንቀቅ ብለው ጥቂት ውሃ የቀረበት የፕላስቲክ ኩባያ ውስጥ ሲጋራቸውን እየነከሩ ያጠፉ ጀመር። ከእሳት አንጻር ካየነው ጥንቃቄው ተገቢ ነበር። ኩባያው ግን ሌሊቱን ሙሉ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ አደረ።

ጠዋት አያቷ ለጥቂት ደቂቃ ዞር ብለው ሲመለሱ ልጅቷ ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሸሚዟ ከደረቷ እስከ ሆዷ ርሶ፣ ፊቷን አኮማትራ ቆማ አገኟት። አፏ ውስጥ አንድ የራሰ የሲጋራ ቁራጭ ነበር፤ በጣታቸው አወጡት። ቀጥለውም ታስመልስ ብለው ጣታቸውን ወደ ጉሮሮዋ አስገቡ፤ ጥቂት አስመለሳት። ከዚያ መርዙን ያረክሰዋል በሚል ግማሽ ብርጭቆ ወተት ሰጧት። 15 ደቂቃ ገደማ ሲሆን በተደጋጋሚ ታስመልስ ጀመር፤ ፊቷ ገረጣ፣ ለሃጯ ተዝረበረበ፣ ለመቆም ስትሞክር ተንገዳገደች። ድንገተኛ ክፍል የደረሰችው ጠጣች ከተባለበት ጊዜ ከ40 ደቂቃ ገደማ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ምዘና

በር ላይ ሕመምተኞችን የምትለየው ነርስ ያቀረበችው ጥያቄ በቅጹ ላይ የሰፈረው ነበር፤ “ስንት ቁራጭ ዋጠች፣ እማማ?” አያትየውም “አንድ ነው ልጄ፤ እሱንም በጣቴ አውጥቼዋለሁ” አሉ። የአያትየው መልስ እውነት ነበር። ለተጠየቁት ጥያቄ ልክ የሆነውን መልስ ነው የሰጡት፤ ስለ ኩባያው የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ካርዱ ላይም “1 የሲጋራ ቁራጭ፣ ከአፍ የወጣ፣ ትውከት አለ” ተብሎ ተጻፈ፤ አስቸኳይነቷም በመካከለኛ ደረጃ ተመደበ።

ስመረምራት ንቁ ነበረች፤ ታለቅሳለች፣ ትወራጫለች። ቆዳዋ ገርጥቶ ቀዝቃዛ ላብ አጥምቋታል፤ እጆቿ ይንቀጠቀጣሉ። የልብ ምቷ በደቂቃ 178፣ የደም ግፊቷ 118 በ76፣ ትንፋሿ በደቂቃ 44፣ የደም ኦክስጅኗ 95 በመቶ ነበር። የዓይን ብሌኖቿ በመጠኑ ሰፍተዋል፤ ለብርሃን ግን ምላሽ ይሰጣሉ። የደም ስኳሯ 128 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። ይህ ሁሉ ከኒኮቲን መመረዝ የመጀመሪያ ምዕራፍ ጋር ይገጥማል፤ እኔም ምርመራውን ያለ ብዙ ማመንታት ጻፍኩት። የተሳሳትኩት መጠኑን በመገመቱ ላይ ነው። ከአፍ የወጣ አንድ ቁራጭ ይህን ሁሉ ማድረግ ነበረበት ወይ ብዬ ራሴን አልጠየቅሁም።

ደም ሥር ተከፈተላት። ከዚያ 10 ግራም መርዝ መጣጭ ከሰል፣ ማለትም በኪሎግራም 1 ግራም፣ በውሃ ተበጥብጦ በአፏ እንዲሰጣት አዘዝኩ። ሁለት ጊዜ ጎንጨት አድርጋ መልሳ ተፋችው፤ ሳለችም። ከአፏ እስከ ሸሚዟ ጥቁር ሆነች። ሙከራውን አቆምን። ሞኒተሩ በዚያ ሰዓት ሌላ ሕመምተኛ ላይ ስለ ነበር ልኬቷ በየ30 ደቂቃው በእጅ እንዲወሰድ ተስማምተን ወደ ሌሎች ታካሚዎች ሄድን።

ጸጥታው

ኩባያውን ካገኘች 75 ደቂቃ አካባቢ ሲሆን ትውከቱ ቆመ፤ ልቅሶውም ቆመ። በመሃል የደረሱት እናቷ አቅፈዋት ነበር፤ ሳልፍ “አሁን ተሻላት፣ እንቅልፍ ወሰዳት” አሉኝ። እኔም በአዎንታ ራሴን ነቅንቄ አለፍኩ። ከጉዳዩ ሁሉ ዛሬም ድረስ የሚቆጠቁጠኝ ይህ ራስ መነቅነቅ ነው።

ነገሩን ያስተዋለችው አንሶላ ልታስተካክል የመጣች ሌላ ነርስ ናት። የልጅቷን ክንድ ብድግ አድርጋ ለቀቀችው፤ ክንዱ እንደ ጨርቅ ወደቀ። የተኛ ሕፃን ክንዱ ሲነሳ ጥቂት ይቃወማል፣ ጣቶቹን ይጨብጣል፤ ይህ ግን አልታየም። “ዶክተር፣ ይህች ልጅ የተኛች አይመስለኝም” ብላ ጠራችኝ። ስንለካት የልብ ምቷ 82፣ የደም ግፊቷ 62 በ30፣ ትንፋሿ በደቂቃ 14 ሆኖ ጥልቀት የሌለው፣ የደም ኦክስጅኗ 84 በመቶ ነበር። አፏ በምራቅ ተሞልቷል፤ መምጠጫው ጉሮሮዋን ሲነካት እንኳ አላቅለሸለሻትም።

የተሰጠው ሕክምና

ወደ ማነቃቂያ ክፍል አስገብተን በመምጠጫ አፏንና ጉሮሮዋን አጸዳን፤ አገጯን ወደ ፊት ገፍተን በእጅ በሚጨመቅ የማስተንፈሻ ከረጢት (በአምቡ ባግ) ከኦክስጅን ጋር ማስተንፈስ ጀመርን። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ኦክስጅኗ 97 በመቶ ደረሰ፤ የልብ ምቷ ግን ከ94 አላለፈም። በሕፃን ላይ የልብ ምት ሲቀንስ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የኦክስጅን እጥረት ነው። ኦክስጅኑ ተስተካክሎም ልቡ ካልፈጠነ ሌላ ምክንያት አለ ማለት ነው። ስለዚህ የዘገየ ልብን የሚያፈጥነው አትሮፒን 0.2 ሚሊግራም፣ ማለትም በኪሎግራም 0.02 ሚሊግራም፣ በደም ሥር ተሰጣት፤ ጎን ለጎንም 200 ሚሊሊትር ኖርማል ሳላይን በፍጥነት ገባ። ልቧ ወደ 126 ወጣ፤ ምራቁም ቀነሰ። ግፊቷ ገና ዝቅ ያለ ስለ ነበር 100 ሚሊሊትር ተጨመረ፤ 84 በ46 ሆነ። ፈሳሹ ባይበቃ ብለን ግፊት የሚያነሳ አድሬናሊን አዘጋጅተን ነበር፤ አላስፈለገም።

አምቡ ባጉን ከጀመርን ከአሥር ደቂቃ ገደማ በኋላ መላ አካሏን አንቀጠቀጣት። ስኳሯን ደግመን ለካን፤ 104 ነበር። 2 ሚሊግራም ዳያዜፓም በዝግታ በደም ሥር ሰጠናት፤ መንቀጥቀጡ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቆመ። ዳያዜፓም ራሱ ትንፋሽን ያዳክማል፤ ማስተንፈሱ ቀድሞ በእጃችን ስለ ነበር ግን አላሳሰበንም። የማደንዘዣ ባለሙያው መጥቶ የትንፋሽ ቱቦ አስገባላት፤ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍልም ተዛወረች።

በዚህ መሃል ከአንድ የሥራ ባልደረባ ጋር አጭር ክርክር ነበረን። የሚዝረበረብ ምራቅ፣ የዘገየ ልብ፣ የዛለ ጡንቻ፣ የደከመ ትንፋሽ አንድ ላይ ሲታዩ የተባይ ማጥፊያ መርዝ፣ በተለይ ኦርጋኖፎስፌት፣ ወደ ሐሳብ መምጣቱ ግድ ነው። ባልደረባዬ የኦርጋኖፎስፌት ማርከሻ የሆነውን ፕራሊዶክሲም እንጀምር አለ። ጥርጣሬው ተገቢ ነበር፤ ሁለቱ መርዞች በአንድ ሥርዓት ላይ ስለሚሠሩ መልካቸው ይቀራረባል። ነገር ግን ፕራሊዶክሲም የሚያነቃቃው ኦርጋኖፎስፌት ያሰረውን ኢንዛይም ነው፤ ኒኮቲን ያንን ኢንዛይም ስለማይነካ መድኃኒቱ በኒኮቲን ላይ ዋጋ የለውም። እናትና አያት ቤት ውስጥ የተባይ ማጥፊያ እንደሌለ ደጋግመው ተናገሩ፤ የብሌኖቿ መስፋትም፣ ብቻውን ወሳኝ ባይሆን፣ ወደ ኒኮቲን ያደላ ነበር። አባትየው ኩባያውን እንዲያመጡ ተደወለላቸው፤ እስኪደርሱም ፕራሊዶክሲሙን ላለመስጠት ተስማማን። አትሮፒኑ በሁለቱም መንገድ ስለሚጠቅም አላከራከረንም።

ሸሚዙ

የልብ ኤሌክትሪክ መለኪያውን ገመድ ደረቷ ላይ ለመለጠፍ ሸሚዟ ሲቀደድ ነርሷ “አሁንም እርጥብ ነው እኮ” አለች። ከከሰሉ ጥቁረት ሥር ቡናማ እርጥበት ነበር፤ ጠረኑም የከረመ መተርኮሻ ጠረን ነው። ሕፃኗ በዚያ ሸሚዝ ውስጥ ከሰዓት ተኩል በላይ ቆይታለች። ኒኮቲን በጤናማ ቆዳ በኩል ያልፋል። እርጥብ የትምባሆ ቅጠል የሚለቅሙ ሠራተኞች ምንም ሳያጨሱና ሳይውጡ፣ በቆዳቸው ብቻ ገብቶ እንደሚያስመልሳቸውና እንደሚያዞራቸው የታወቀ ነው፤ አረንጓዴ የትምባሆ ሕመም ይባላል። ጓንት አድርገን ልብሷን በሙሉ አወለቅን፤ በፕላስቲክ ከረጢት አሰርነው፤ ደረቷንና ሆዷን በሳሙናና በብዙ ውሃ አጠብን። በቆዳዋ የገባው ከጠጣችው ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደ ነበር መለየት አይቻልም። መታጠብ የነበረባት ግን በር ላይ እንደ ደረሰች ነው።

ኩባያው ሲመጣ

አባትየው ኩባያውን በፌስታል ጠቅልለው አመጡት። ውስጡ 14 ቁራጮች ነበሩ፤ ሁለቱ ገና ተለኩሰው የጠፉ ናቸው። ውሃው የዛገ ብረት የተዘፈዘፈበት ይመስላል። የበለጠ የነገረን ግን የኩባያው ግድግዳ ነው። ውሃው ሌሊቱን የቆመበት ከፍታ ላይ ቡናማ የቀለበት ምልክት ተስሏል፤ አሁን ያለው ውሃ ከዚያ ምልክት ወርዷል። ምልክቱ ድረስ ንጹህ ውሃ ጨምረን ስንለካ የጎደለው 40 ሚሊሊትር ያህል፣ የነበረው ጠቅላላ ደግሞ 80 ሚሊሊትር ያህል ሆነ። ከጎደለው ግማሹን ሸሚዙ ጠጥቶታል ብንል እንኳ 20 ሚሊሊትር ሆዷ ገብቷል።

ከዚህ በኋላ ያለው ግምታዊ ስሌት ነው። በአንድ የሲጋራ ቁራጭ ውስጥ ከ5 እስከ 7 ሚሊግራም የሚሆን ኒኮቲን ይቀራል ተብሎ በሕክምና መጻሕፍት ይጻፋል። በ14 ቁራጮች ከ70 እስከ 98 ሚሊግራም ይሆናል። ኒኮቲን በውሃ በቀላሉ ይሟሟል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘፈዘፍ ከዚያ ግማሹ ብቻ ወጥቷል ብንል፣ በ20 ሚሊሊትር ውስጥ 9 ሚሊግራም እንኳ አይጠፋም፤ ሁሉም ወጥቷል ብንል 25 ሚሊግራም ይጠጋል። ለ10 ኪሎግራም ሕፃን ይህ በኪሎግራም ከ0.9 እስከ 2.5 ሚሊግራም ነው። ካርዱ ላይ የተጻፈው “1 ቁራጭ” እና ይህ ቁጥር ስለ አንዲት ሕፃን የሚናገሩ አይመስሉም።

በኋላ በተደረገው የክፍል ውይይት ላይ አንድ ወጣት ሐኪም ለአዋቂ ገዳይ ነው ሲባል የኖረውን 60 ሚሊግራም ጠቅሶ መጠኑ ያን ያህል አያሰጋም ነበር ብሎ ተከራከረ። ያ ቁጥር ራሱ ጥያቄ ውስጥ የወደቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በኦስትሪያ የግራትስ ዩኒቨርሲቲው በርንድ ማየር፣ ቁጥሩ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተመራማሪዎች በራሳቸው ላይ ካደረጉት ሙከራ የተወረሰ መሆኑን አሳይቶ፣ አዋቂን የሚገድለው በአፍ የተወሰደ መጠን ከ500 ሚሊግራም በላይ ሳይሆን እንደማይቀር ጽፏል። ይህ ማስተካከያ ለአዋቂዎች የሚያረጋጋ ነው። ለሕፃን ግን የሚያረጋጋ ነገር የለውም፤ ሕፃንን ለአደጋ የሚያጋልጠው ቀድሞ የሚመጣው የትንፋሽ መዳከም ነውና፣ ገዳይ መጠን ላይ ሳይደረስም ጉዳት ይደርሳል።

ለምን በሁለት ምዕራፍ መጣ

ነርቭ ለነርቭ፣ ነርቭም ለጡንቻ መልእክት ከሚያስተላልፍባቸው መንገዶች አንዱ አሴቲልኮሊን ነው። ኒኮቲን የአሴቲልኮሊንን መቀበያ በር ይከፍታል፤ ስለዚህ በመጀመሪያ ሁሉም ነገር ይፈጥናል፤ ልብ ይመታል፣ ግፊት ይወጣል፣ ሆድ ይገለበጣል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። መጠኑ ሲበዛ ግን በሩን ከፍቶ ደጃፉ ላይ እንደ ቆመ ሰው ይሆናል፤ እሱም አይወጣም፣ ሌላውንም አያስገባም። መቀበያው ይደነዝዛል፤ መልእክቱም ይቋረጣል። ያኔ ልብ ይዘገያል፣ ግፊት ይወርዳል፣ ጡንቻ ይዝላል፣ መተንፈሻ ጡንቻም ከጡንቻ አንዱ ነውና ትንፋሽ ይደክማል። የእንግሊዙ ፊዚዮሎጂስት ጆን ኒውፖርት ላንግሊ እ.ኤ.አ. በ1889 ከባልደረባው ጋር የነርቭ እጢዎችን ኒኮቲን ቀብቶ መልእክት ማስተላለፋቸውን እንደሚያቆም ያሳየው ይህንኑ ነው። የነርቭን መንገድ ለማጥናት የጠቀመው ባሕርይ በእኛ ሕመምተኛ ላይ መተንፈስን አዳከመ።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይታያል፤ ሁለተኛው ከግማሽ ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ይከተላል። በደረቅ ቁራጭ ላይ ሁለተኛው የሚታየው ከስንት አንዴ ነው፤ ምክንያቱም ኒኮቲን በአሲድ ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚሰርግ ከጨጓራ የሚገባው ጥቂት ነው፤ ትምባሆው ገና ሳይሟሟም ትውከቱ ይደርስና ያወጣዋል። በውሃ የወጣ ኒኮቲን ግን የመሟሟቱን ሥራ ቤት ውስጥ ጨርሶ ነው የሚመጣው። ሕፃኗም ምልክት ማሳየት የጀመረችው ጠጣች ከተባለ ከ15 ደቂቃ ገደማ በኋላ ነበር፤ ያ ፍጥነት ራሱ ሊነግረን የሚገባ ነገር ነበረው።

የሠራውና ያልሠራው

ልጅቷን ያተረፋት በጊዜ የተጀመረው ማስተንፈስ ነው፤ ለኒኮቲን ማርከሻ መድኃኒት የለም። አትሮፒን የዘገየውን ልብና ምራቁን ያስተካክላል፤ የዛለውን ጡንቻ ግን አያነሳም። በመጣችበት ቅጽበት ደም ሥር መከፈቱም ጠቅሟል፤ ግፊቷ 62 ከሆነ በኋላ ቢሆን ኖሮ ደም ሥሯን ማግኘት ብዙ ደቂቃ ይበላ ነበር። በኒኮቲን መመረዝ ደምን በማሽን ማጣራት የሚፈይደው ነገር የለም፤ ሽንትን አሲዳማ በማድረግ ለማፋጠን መሞከርም ጉዳቱ ያመዝናል። ሰውነት ራሱ ያስወግደዋል፤ በአዋቂ ደም ውስጥ ኒኮቲን በሁለት ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ሥራችን በእነዚያ ሰዓታት ስለ እሷ መተንፈስ ነበር።

ከሰሉ አልሠራም፤ የሰጠሁትም በተሳሳተ ሁኔታ ነው። መርዝ መጣጭ ከሰል በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ፣ ነቅቶና ሳያስመልሰው መዋጥ ለሚችል፣ ወይም የትንፋሽ መንገዱ በቱቦ ለተጠበቀ ሕመምተኛ ይጠቅማል። ደጋግሞ ለሚያስመልሰው፣ ንቃቱ ሊወድቅ ለሚችል ሕፃን መስጠት ከሰሉን ወደ ሳንባ ለመላክ መጋበዝ ነው። በማግሥቱ የተነሳው የደረት ራጅ ንጹህ ሆኖ መገኘቱ የእኛ ጥንቃቄ ውጤት አይደለም፤ ዕድል ነው። ቱቦው ከገባ በኋላ በአፍንጫ በኩል ደግመን እንስጥ የሚል ሐሳብ ተነስቶ ነበር፤ ፈሳሽ ከጠጣች ሰዓት ተኩል አልፎ ስለ ነበር ተውነው።

ቤት ውስጥ ከተደረጉት ሁለት ነገሮች አንዱም አልጠቀመም። ጣት በጉሮሮ ማስገባት ጉሮሮን ያቆስላል፤ ንቃቱ እየቀነሰ ባለ ልጅ ላይ ትውከቱን ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል። ወተት ኒኮቲንን አያረክስም፤ የጨጓራን አሲድ በማለዘብም ኒኮቲኑ በቀላሉ እንዲሰርግ ሊያግዝ ይችላል፤ በጨጓራ አሲድ ማብረጃ መድኃኒቶችም ላይ የሚነሳው ሥጋት ይኸው ነው። አያትየውን በዚህ አልወቀስናቸውም፤ ልጅቷን ሳይዘገዩ ይዘው መምጣታቸው የበለጠ ዋጋ ነበረው።

ትልቁ ስሕተት ጸጥታውን እንደ መሻል መቁጠራችን ነው። ሲያስመልሰውና ሲያለቅስ የነበረ ሕፃን ዝም ሲል ቤተሰብም ሐኪምም እፎይ ይላል። በኒኮቲን መመረዝ ግን ያ ሰዓት መለኪያ ይዞ አጠገቡ የሚቆምበት ነው፤ በየ30 ደቂቃው የሚወሰድ ልኬት ለዚህ አይበቃም። ሞኒተሩ ከሌላው ሕመምተኛ ይልቅ ለእሷ ይገባ እንደ ነበር ዛሬ እናውቃለን፤ በዚያ ሰዓት ይህን ያላወቅነው ካርዱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ስላመንን ነው።

ወደ ሌላ ሕመምተኛ የሚሻገረው

የትምባሆ ታሪክ ሲወሰድ ብዛቱ ብቻውን አይበቃም፤ መልኩም መጠየቅ አለበት። ደረቅ ነበር ወይስ ፈሳሽ ውስጥ የቆየ? ያልተጨሰ ሙሉ ሲጋራ ነው ወይስ ቁራጭ? ታኘከ ወይስ ሳይታኘክ ተዋጠ? አንድ ሙሉ ሲጋራ ወይም ሦስት ቁራጭ እና ከዚያ በላይ የዋጠ ሕፃን፣ እንዲሁም ምልክት ያሳየ ማንኛውም ሕፃን፣ ሆስፒታል መታየት አለበት። ፈሳሽ ከሆነ ቁጥሩን ትቶ መምጣት ነው። የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ መሙያ ፈሳሽ በዚህ ረገድ ከእኛ ኩባያ ይብሳል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ጣሪያውን በሚሊሊትር 20 ሚሊግራም፣ የመሙያውን ጠርሙስ መጠን ደግሞ 10 ሚሊሊትር አድርጎታል፤ በዚያ ጣሪያ ላይ ያለ ፈሳሽ አንድ ጉንጭ፣ 5 ሚሊሊትር ያህል፣ 100 ሚሊግራም ይይዛል። በቆዳ ላይ የሚለጠፍ የኒኮቲን ፕላስተር የዋጠ ወይም ያኘከ ልጅ ደግሞ ኒኮቲኑ በዝግታ ስለሚለቀቅ ክትትሉ ይረዝማል።

የቀረውን ዕቃ ቤተሰቡ ይዞ እንዲመጣ መጠየቅ ምንም አያስወጣም። በእኛ ጉዳይ ላይ ከማንኛውም የላቦራቶሪ ምርመራ ይልቅ የነገረን የኩባያው ቀለበት ነው። ሰውነት ኒኮቲንን ሲሰባብር የሚወጣውን ኮቲኒን በሽንት ውስጥ መለካት ይቻላል፤ መጋለጥን ያረጋግጣል፤ ነገር ግን ውጤቱ የሚደርሰው ሕክምናው ካለቀ በኋላ ነው፤ አጫሽ ባለበት ቤት በሚያድግ ልጅ ሽንት ውስጥም ያለ ምንም መመረዝ ሊገኝ ይችላል።

የራሰ ልብስ በር ላይ ይወልቅ። ይህ ለተባይ ማጥፊያ ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው፤ ለትምባሆ ግን ማናችንም አላሰብነውም።

ከዚያ በኋላ

ሕፃኗ በጽኑ ሕሙማን ክፍል በማሽን የተነፈሰችው ስድስት ሰዓት ያህል ነው። ማታ ላይ ቱቦውን በእጇ ልትነቅል ስትታገል ወጣላት። በማግሥቱ ቀኑን ሙሉ ታየች፤ በሦስተኛው ቀን ጠዋት እየተራመደች ወጣች። ከሁለት ሳምንት በኋላ በቀጠሮ ስትመጣ አረማመዷም ንግግሯም ለዕድሜዋ የሚጠበቀው ነበር።

የመለያ ቅጹ ላይ “ስንት ዋጠ?” ከሚለው ሥር ሁለት መስመር ተጨመረ፤ አንዱ “ደረቅ ወይስ በፈሳሽ ውስጥ የነበረ?” የሚል፣ ሌላው “ልብሱ ርሷል?” የሚል ነው። ከወራት በኋላ የሁለት ዓመት ልጅ አንድ የሲጋራ ቁራጭ አኝኮ መጣ። ደረቅ፤ ልብሱ አልራሰም። አንድ ጊዜ አስመለሰው፤ 4 ሰዓት ሞኒተር ላይ ቆየ፤ ነርሷም በየሩብ ሰዓቱ ክንዱን እያነሳች ትለቀው ነበር። አራተኛው ላይ ተናዶ እጇን ገፈተራት።